ዋናው ገጸ ባሕርይ ይናገር ወይስ ዝም ይበል?

ጥያቄ፦ «የሌሊት ጌመር»

ባለፉት ሁለት ወራት «ዴድ ስፔስ» የተባለውን አስፈሪ ጌም ሁለት ጊዜ ጨረስኩት፤ በመጀመሪያ በ2008 የወጣውን፣ ከዚያም በ2023 እንደ አዲስ የተሠራውን (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የጠፈር መርከቡ ያው ነው፤ ጭራቆቹም ያው ናቸው፤ የሚጠገነው ማሽንና የሚከፈተው በር እንኳ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው አይዛክ ክላርክ ነው። በቀድሞው ጌም ይህ መሐንዲስ ሲቆስል ይጮኻል፣ ሲደክመው ያለከልካል፣ ከዚያ ውጪ ግን አንዲት ቃል አይወጣውም፤ ባልደረቦቹ በሬዲዮ «ወደዚያ ሂድ፣ ይህን ጠግን» ሲሉት እንደ ታዛዥ አሽከር አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። በአዲሱ ግን፣ በ2011 ከወጣው ሁለተኛው ክፍል ጀምሮ ድምፁን የሰጠው ጋነር ራይት ተመልሶ ስለመጣ፣ አይዛክ ይመልሳል፣ ይከራከራል፣ ማሽኑ ምን እንደነካው እንደ ባለሙያ ያስረዳል።

የገረመኝ ከሁለቱ የትኛውን እንደወደድኩ መወሰን አለመቻሌ ነው። ዝም ሲል በዚያ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ያለሁት እኔው ራሴ የሆንኩ ያህል ፈራሁ። ሲናገር ፍርሃቴ ቀነሰ፤ በአንጻሩ በመጀመሪያው ጌም እንደ ዋዛ አልፌው የነበረው የፍቅረኛው የኒኮል ጉዳይ በአዲሱ ከልብ አሳዘነኝ።

ጥያቄው ከጨዋታ ያለፈ ምክንያት አለው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በአማርኛ የሚነገር ትንሽ የጀብዱ ጌም እየሠራን ነው፤ የምልልሱ ጽሑፍ የእኔ ድርሻ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ወንድ ወይም ሴት አድርጎ እንዲመርጥ ወስነናል። ጓደኞቼ ባለታሪካችን አፍ አውጥቶ ይናገር ይላሉ፤ እኔ አመነታለሁ። በእናንተ ልምድ ዝምታ የሚያምርበት ገጸ ባሕርይ ምን ዓይነት ነው? የማያምርበትስ?

መልስ፦ «ብላክ ሜሳ»

ብዙ ሰው የገጸ ባሕርይን ዝምታ ከቴክኖሎጂ ድህነት የመጣ አድርጎ ያየዋል። ጌሞች በትንሽ የፕላስቲክ ካርትሪጅ በሚሸጡበት ዘመን በእርግጥ እንዲያ ነበር፤ ለማንም የሚበቃ የድምፅ ቦታ አልነበረም። በ1998 የወጣው «ሃፍ ላይፍ» ግን ለዚህ አይመችም፤ ምክንያቱም በዋናው ገጸ ባሕርይ በጎርደን ፍሪማን ዙሪያ ያሉት ዘበኞችና ሳይንቲስቶች በሙሉ ይናገራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ያማርራሉ፤ ዝም ያለው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝምታው የታሰበበት ነው። ጌሙ ከመግቢያው የባቡር ጉዞ ጀምሮ ዓይናችንን ከፍሪማን ዓይን አይነጥልም፤ ፊቱን እንኳ በጨዋታው ውስጥ አናይም። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ከገዛ ግንባሬ ጀርባ የማላውቀው ሰው ድምፅ ድንገት ቢሰማ ደንግጬ ጆይስቲኩን የምጥል ይመስለኛል።

ነገር ግን ዝምታ ብቻውን አይበቃም፤ ዓለሙ ዝምታውን ማወቅ አለበት። በ2004 በወጣው ሁለተኛው ክፍል አሊክስ ቫንስ ከፍሪማን ጋር ገና እንደተዋወቀች ንግግር የማያበዛ ሰው መሆኑን አንስታ ትቀልድበታለች፤ ተጫዋቹም ይስቃል፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ አይቆረቁረውም። ከሁሉ የላቀው ግን በ2011 የወጣው «ፖርታል 2» ነው። በመክፈቻው ላይ ዊትሊ የተባለው ሮቦት ባለታሪኳን ቼልን፣ አእምሮዋ አለመጎዳቱን ለማረጋገጥ፣ «አፕል» በይ ይላታል። በስክሪኑ ላይ ለመናገር የሚጫነው ቁልፍ ይታያል። ቁልፉን ሲጫኑት ቼል ትዘላለች! መናገር ሲሏት የምትዘል ሴት፤ ሮቦቱም ግራ ይጋባል። በዚያች አንዲት ቀልድ ሠሪዎቹ «እንደማትናገር እናውቃለን፣ እናንተም እወቁት» ብለው ጨረሱት።

በሌላ በኩል እነዚህን ጌሞች የሠራው ቫልቭ የተባለው ድርጅት ራሱ በ2020 «ሃፍ ላይፍ፦ አሊክስ»ን ሲያወጣ ባለታሪኳን አናግሯታል። ትክክል ነው እላለሁ። አሊክስን ስትናገር የኖረች ሰው አድርገን ካወቅናት በኋላ ዓይኗን ስለተዋስን ብቻ ድምጿን መንጠቅ ግፍ ይሆን ነበር። በሬዲዮ ከባልደረባዋ ከራስል ጋር የምታወራው ወሬም በጨለማው ውስጥ እንደ ፋኖስ ነው፤ እርስዎ «ሲናገር ፍርሃቴ ቀነሰ» ያሉትን እኔም እዚያ አግኝቼዋለሁ።

መልስ፦ «የድሮ ፕሌይስቴሽን ቤት»

ወንድሜ፣ ከላይ በተጻፈው በከፊል አልስማማም። እኔ ያደግኩት በሰዓት ሒሳብ እየተከፈለ በሚጫወቱበት ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው። በ2001 የወጣው «ጂቲኤ 3» ዋና ገጸ ባሕርይ ክሎድ አይናገርም፤ አለቆቹ ያዙታል፣ ሄዶ ይገድላል፣ ይመለሳል፣ ብሩን ይቀበላል። ስለ እሱ የማስታውሰው ጃኬቱን ብቻ ነው። በዓመቱ «ቫይስ ሲቲ» መጣና ተዋናዩ ሬይ ሊዮታ ለቶሚ ቨርሴቲ ድምፁን ሰጠው፤ በ2004 ደግሞ «ሳን አንድሪያስ» ሲጄን ይዞልን ከተፍ አለ። ሲጄ እናቱ ስለተገደለችበት ወደ ሰፈሩ የተመለሰ ልጅ ነው፤ ወንድሙ ስዊት ሰፈሩን ጥሎ በመጥፋቱ ሲወቅሰው የሚመልሰው ነገር ባይኖረው ኖሮ ያ ታሪክ ምን ይቀረው ነበር? ክሎድ ራሱ በሳን አንድሪያስ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜም አፉን አይከፍትም፤ ሲጄም በዝምታው ይሳለቅበታል። ሠሪዎቹ በገዛ የቀድሞ ሥራቸው የሳቁ ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የሲጄን ድምፅ የሰማነው በጥቂቱ ነው፤ የሰማነውንም እንግሊዝኛ የተረዳነው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። በአማርኛ የሚናገሩለት ከኋላችን የቆሙት ልጆች ነበሩ። አንደኛው እያንዳንዱን ሚሽን ከመጀመሩ በፊት በሙሉ ልብ ይተረጉምልን ነበር፤ ትርጉሙ ከጌሙ ታሪክ ጋር ምንም እንደማይገናኝ ያወቅኩት ግን ከዓመታት በኋላ፣ ብቻዬን ስጫወተው ነው።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ዝምታው ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ በ2019 በወጣው «ሜትሮ ኤክሶደስ» ላይ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አርቲዮም በምዕራፎቹ መካከል፣ ጌሙ በሚጫንበት ጊዜ፣ በገዛ ድምፁ ታሪኩን ይተርካል፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን ዲዳ ይሆናል። ሚስቱ አና አጠገቡ ተቀምጣ ልቧን ስትከፍትለት አይመልስላትም። አንደበት እንደሌለው ባላውቅ ባልከፋኝ፤ እንዳለው ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት ሰምቼዋለሁ። ይህ ዝምታ ሳይሆን ኩርፊያ ነው የሚመስለው። የምልልሱ ጸሐፊ አንተ ከሆንክ፣ ባለታሪክህ ዝም እንዲል ከወሰንክ ማንም ልብ የሚነካ ጥያቄ እንዳይጠይቀው አድርግ።

መልስ፦ «አራት ምርጫ»

ተጫዋቹ የባለታሪኩን ማንነት ራሱ የሚቀርጽባቸው የሚና ጌሞች (አርፒጂ) ሲሆኑ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ባለታሪኩ የተጫዋቹ ድርሰት ነውና። ቤቴስዳ በ2011 ባወጣው «ስካይሪም» ባለታሪኩ ከድራጎን ጩኸቱ በስተቀር አይናገርም፤ ሊናገር ያለው ሁሉ በጽሑፍ ተዘርዝሮ ይቀርባል፣ ድምፁን ተጫዋቹ በልቡ ያሰማዋል። በ2015 በ«ፎልአውት 4» ግን ድርጅቱ ሐሳቡን ቀየረ። ብራያን ዴላኒና ኮርትኔይ ቴይለር የወንዱንና የሴቷን ባለታሪክ ድምፅ ሲሰጡ እያንዳንዳቸው ወደ 13,000 የሚጠጉ መስመሮችን ቀረጹ። ትወናቸው መጥፎ አልነበረም። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ምርጫ ሁለት ጊዜ መቀረጽ ስላለበትና መልሱ በጆይስቲኩ ላይ ካሉት አራት ቁልፎች ጋር እንዲገጥም ስለተፈለገ፣ የምርጫዎቹ ብዛት በአራት መታጠሩና ጽሑፋቸው ወደ አንድ ሁለት ቃል ማጠሩ ነበር። ተጫዋቹ «ስላቅ» የሚለውን ሲጫን ምን ዓይነት ስላቅ እንደሚወጣ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ተጫዋቾች ራሳቸው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ሞድ (በጌሙ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) ሠሩ። በ2023 «ስታርፊልድ» ሲወጣ ድርጅቱ ወደ ዝምተኛው ባለታሪክ ተመልሷል።

የመረጡት ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ የመሆኑ ነገር በ2011ዱ «ኤል ኤ ኑዋር» ላይ መቀለጃ ሆኖ ቀርቷል። «ተጠራጠር» የሚለውን ቁልፍ የምጫነው በትሕትና አንድ ጥያቄ ለመጨመር ነበር፤ መርማሪው ኮል ፌልፕስ ግን ምስኪኗን ምስክር ይጮኽባታል። አንድ ጊዜ ስክሪኑን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

መካከለኛ መንገድም አለ። በ2019 የወጣው «ዲስኮ ኤሊሲየም» በ2021 ሙሉ ድምፅ ሲገባለት የከተማው ሰው ሁሉ ተናገረ፤ የመርማሪው 24 ችሎታዎች እንኳ በጭንቅላቱ ውስጥ በድምፅ ይጨቃጨቃሉ። መርማሪው ራሱ የሚመርጣቸው መልሶች ግን ጽሑፍ ብቻ ሆነው ቀሩ። እንዲህ ሆኖም ዝምተኛ ነው ብሎ የሚያስብ ተጫዋች አላገኘሁም። ገንዘብ ለሌለው ትንሽ ቡድን የምመክረው ይህንን ነው።

መልስ፦ «ሰዋስው ወዳድ»

ከላይ ያሉት ሁሉ የተናገሩት ስለ እንግሊዝኛ ጌሞች ነው። ጠያቂያችን በአማርኛ እንሠራለን፣ ወንድና ሴትም ይመረጣል ብለዋል፤ እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል።

በእንግሊዝኛ ባለታሪኩን የሚያናግሩት ሰዎች ለወንድም ለሴትም አንድ ቃል ይበቃቸዋል፤ ለዚህም ነው በ2007 በጀመረው «ማስ ኢፌክት» ማርክ ሚር ለወንዱ፣ ጄኒፈር ሄል ለሴቷ ባለታሪክ ድምፅ ሰጥተው ሳለ ሌላው ተዋናይ ባለታሪኩን በስሙ «ሼፐርድ» ወይም በማዕረጉ «ኮማንደር» እያለ አንድ ጊዜ ብቻ ቀርጾ መሄድ የቻለው። በፖላንድኛ፣ «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው ጌም በተሠራበት አገር ቋንቋ፣ «ነበርኩ» የሚለው ግሥ ራሱ ለወንድና ለሴት ይለያያል። አማርኛ ከሁለቱም የተለየ ነው። «ገባሁ፣ አየሁ፣ አልሰጥም» የሚለው ባለታሪክ ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም፤ «ገባህ» ወይስ «ገባሽ» ብሎ የሚጨነቀው አናጋሪው ነው። እንግዲህ ባለታሪኩን ዝም ብታሰኙት የምታተርፉት የሁለት ተዋንያንን ክፍያ ነው፤ የቀሩት የመንደሩ ሰዎች ግን ለእሱ የሚሉትን በሙሉ ሁለት ጊዜ መቅረጽ አለባቸው። ዝምታው በእኛ ቋንቋ ርካሽ አይደለም።

ማምለጫው «እርስዎ» ነው እንዳትሉ። እኔ ይህን ስጽፍ ጠያቂውን «ብለዋል» ማለቴ ከአክብሮት ባሻገር ማንነታቸውን ስለማላውቅ ነው፤ በጽሑፍ ያስኬዳል። በጌም ውስጥ ግን ሽፍታው ከጫካ ዘሎ «እባክዎ ቦርሳዎን ያስቀምጡ» ቢል ማን ይፈራዋል? እናት ልጇን «እርስዎ» ብትል ደግሞ የተኳረፉ ነው የሚመስለው። «ልጄ» ማለትም አያድንም፤ ቀጥሎ «ና» ወይም «ነይ» መምጣቱ አይቀርም። ጾታ የማይነኩ አባባሎች የሉም አልልም፤ «ሰላም ነው?»፣ «ወዴት ነው?»፣ «ምን ተገኘ?» ይባላል። በእነዚህ ብቻ ግን የሁለት ሰዓት ጌም አይሞላም።

እኔ የማየው መውጫ አንድ ነው፦ ለባለታሪካችሁ ተናጋሪ ጓደኛ ስጡት። ሁለት ሲሆኑ መንደርተኛው «ኑ፣ ግቡ፣ ከየት መጣችሁ?» ይላል፤ ሽፍታውም «አትንቀሳቀሱ!» ይላል፤ ብዙ ቁጥር ደግሞ ጾታ አይለይም። ለሚቀርበው ጥያቄም ጓደኛው ይመልሳል፤ የአርቲዮም ዓይነት ኩርፊያ አይፈጠርም።

ጠያቂው፦ «የሌሊት ጌመር»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላርም፤ ሴት ነኝ፣ ስለዚህ «አንቺ» ልትሉኝ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ይህንን አለመግለጡን ያስተዋልኩት የሰዋስውን መልስ ካነበብኩ በኋላ ነው።

የብዙ ቁጥሩን ሐሳብ ትናንት ማታ ለጓደኞቼ አቀረብኩላቸው። የጻፍናቸውን 640 የመንደርተኞች መስመሮች አንድ በአንድ ስናያቸው፣ ተጓዥ ሽማግሌ ከባለታሪኩ ጋር ካስገባን፣ ሁለት ጊዜ መቀረጽ ያለባቸው የሽማግሌው የራሱ ንግግሮችና ከቤተሰብ ጋር ያሉት ሁለት ትዕይንቶች ብቻ ሆኑ። ባለታሪኩ መልሱን በጽሑፍ ይመርጣል፤ ድምፅ አይኖረውም። አንድ ያልፈታነው ነገር ቀርቷል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ሽማግሌው ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ መንደርተኛው ሁሉ ባለታሪኩን ብቻውን ያገኘዋል።

መልስ፦ «የድሮ ፕሌይስቴሽን ቤት»

እህቴ፣ «ወንድሜ» በማለቴ ይቅርታ። ሽማግሌውን ግን ባትገድይው ምን አለበት? የግድ መሞት ካለበትም፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ሁሉ «እናንተ» ማለቱን ትቶ «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲል፣ ተጫዋቹ ብቻውን መቅረቱን ከማንኛውም የለቅሶ ሙዚቃ በፊት ይሰማዋል። ለዚያ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ቅረጹ።