ምርጫ ሲደርስ ከጦርነቱ የሚሸሽ ፖለቲከኛ፦ ይመረጥ ወይስ ይቀጣ?

አወያይ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ያ ጀማዓ፣ የሳምንቱ ክርክር ይኸውላችሁ። ጦርነት ሲጀመር የደገፈ ፖለቲከኛ፣ ሕዝቡ ሲማረርና ምርጫ ሲቃረብ "ይብቃ" ካለ ድምፅ ይገባዋል ወይ? የራሳችንን ቁስል ከነካካን ነገሩ ወደ ስድብ ይሄዳል፤ ስለዚህ ምሳሌያችን አሜሪካና ኢራቅ ይሁን። መነሻ፦ በጥቅምት 2002 ምክር ቤቱ ለፕሬዚዳንት ቡሽ የጦርነት ሥልጣን ሰጠ፤ ሴኔቱ 77 ለ23፣ ታችኛው ምክር ቤት 296 ለ133። ጆን ኬሪ፣ ሂላሪ ክሊንተን፣ ጆን ኤድዋርድስና ጆ ባይደን ደግፈዋል። አራቱም በኋላ ተቃወሙ፣ አራቱም ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

የሆጤው፦ ይቀጣ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ይሄ። ድምፁ የተሰጠው ጥቅምት ላይ ነው፤ የምክር ቤት ምርጫው ደግሞ ኅዳር 5። ያኔ "ፈሪ" እንዳይባሉ ደገፉ፤ ሬሳው ሲበዛ መራጩን ፈርተው ከዱ። ሁለቱንም ጊዜ ያሰበላቸው ፍርሃት ነው። ኬሪ ስለ 87 ቢሊዮን ዶላሩ የጦርነት በጀት ሲጠየቅ "ከመቃወሜ በፊት ደግፌው ነበር" አለ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ሀጂ (መናፈሻ)፦ ኬሪን እንኳ አትበድለው። የደገፈው ገንዘቡ ከባለጸጋዎች የግብር ቅናሽ ተቀንሶ ይውጣ የሚለውን ማሻሻያ ነው፤ እሱ ሲወድቅ ዋናውን ተቃወመ። አነጋገሩ ነው የገደለው።

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)፦ አብሽር የሆጤው፣ አትቆጣ። ምርጫ ታዲያ ለምን ተፈጠረ? እንዲፈሩን አይደለም እንዴ! የተቀየረውን ሁሉ ከቀጣን፣ ሌላው "ብቀየርም ባልቀየርም ያው ነው" ብሎ ጦርነቱ ላይ ሙጭጭ ይላል።

ደግሞ ሁሉም ለሥልጣን ብሎ አይቀየርም። ዋልተር ጆንስ የሚባል የሰሜን ካሮላይና ሪፐብሊካን ነበር፤ ወረዳው ትልቅ የማሪን ጦር ሰፈር ያለበት። በ2003 ፈረንሳይ ጦርነቱን ስትቃወም፣ በምክር ቤቱ ካፌ "ፍሬንች ፍራይስ" ስሙ ተቀይሮ "የነጻነት ጥብስ" ይባል ካሉት ግንባር ቀደሙ እሱ ነው (ድንች ምን አደረገ?)። በዚያው ዓመት የአንድ ወታደር ቀብር ላይ ተገኘ፤ ሚስትየው የሟቹን የመጨረሻ ደብዳቤ ስታነብ ሰማ። ከዚያ ለሟች ቤተሰቦች መጻፍ ጀመረ፤ የጻፈው ደብዳቤ ከ10 ሺህ በላይ ነው። በ2005 ጦሩ የሚወጣበት ቀን ይቆረጥ ብሎ ቆመ። በ2008 የራሱ ፓርቲ ሰው ተነሳበት፣ አሸነፈ፤ በ2019 እስኪሞት ድረስ ከመቀመጫው አልወረደም።

የሆጤው፦ እሱማ ለኔ ነው የሚመሰክረው! ጆንስ የተቀየረው ድምፅ በሚያሳጣው ወገን ነው። የያዝነው ድምፅ ወደሚገኝበት የሚዞረውን ነው።

ጋሼ መምህር (ቧንቧ ውሃ)፦ ልጆች፣ መራጩስ ንጹሕ ነው? በነሐሴ 1964 ለቬትናሙ ጦርነት በር የከፈተው የቶንኪን ውሳኔ በሴኔት 88 ለ2 አለፈ። ሁለቱ እምቢተኞች ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ ናቸው። በ1968 ጦርነቱ አገሩን ሁሉ አንገሽግሾት ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ትክክል መሆናቸው ያኔ መታየት ነበረበት። በዚያው ዓመት ሁለቱም መቀመጫቸውን አጡ! የሆጤው፣ አንተ የምትለው ቅጣት ያረፈው መጀመሪያውኑ ባልተሳሳቱት ላይ ነው። ሴናተር ሮበርት ባይርድ በአንጻሩ ያኔ ደግፎ፣ ኋላ ተጸጽቶ፣ በ2002 ኢራቅ ሲመጣ እምቢ ካሉት 23 ሴናተሮች አንዱ ሆነ። እሱን በ1970ው ምርጫ ብናባርረው ኖሮ 22 ይሆኑ ነበር።

የሆጤው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ኒክሰንን ዘለሉት። እሱም በ1968 "በክብር እጨርሰዋለሁ" ብሎ ነው የተመረጠው። ከዚያ በኋላ ከ20 ሺህ በላይ አሜሪካዊ ወታደር አለቀ፤ የቬትናሙን ሟችማ ማን ቆጥሮት።

ሀጂ (መናፈሻ)፦ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ንግግር አልሰማም፣ ገንዘቡን ነው የማየው። ክሊንተንም ኦባማም በ2005ና በ2006 ለጦርነቱ በጀት ድምፅ ሲሰጡ ነበር። ኦባማ በ2002 የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል ሳለ ጦርነቱን ተቃውሟል፣ ልክ ነው፤ ሴኔት ሲገባ ግን ከፈለ። በግንቦት 2007፣ ለፕሬዚዳንትነት ሲሯሯጡ፣ የመውጫ ቀን ያልተቆረጠለት በጀት መጣ፤ 80 ለ14 አለፈ። ሁለቱም ያኔ ከ14ቱ ውስጥ ነበሩ። ንጹሕ የምትሉት የቱ ነው?

አወያይ፦ አንድ አባል ስለ ከሚሴ መንገድ የጻፈውን ሰርዤዋለሁ። ከርዕሱ አንውጣ።

የቦርከናዋ፦ ለምን ይሰረዛል? እኔም በ2014 (በኛው) ጥቅምት ማለቂያ በዚያ መንገድ ልጄን አዝዬ ወጥቻለሁ። ፌስታል ውስጥ በሶና የልጁ ሹራብ ነበር የያዝኩት። ያን ቀን "ጦርነቱን አቆማለሁ" የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከልቡ ነው ወይስ ለምርጫ ብሎ ነው ብዬ የምመረምር ይመስላችኋል? ለምርጫም ይሁን፣ ያቁመው!

የሆጤው፦ እኔም በዚያው መንገድ ነበርኩ እህቴ። ኒክሰንን ግን አልመለሽልኝም።

የቦርከናዋ፦ እመልሳለሁ። ኒክሰን በምርጫው ጊዜ ቀን አልቆረጠም። እኔ የምጠይቀው ቀን ነው። ለ2008ቱ ምርጫ ክሊንተን "በ60 ቀን ውስጥ ጦሩን ማስወጣት እጀምራለሁ" አለች፤ የሚያልቅበትን አልተናገረችም። ኦባማ "ተዋጊውን ጦር በ16 ወር" አለ። ቀን ቆርጦ የተናገረ ሰው ይጠየቃል፤ የተቀየረበትን ምክንያት ፈጣሪ ይወቅለት።

ጋሼ መምህር፦ በጥር 2008 በዴሞክራቶች የእጩ ምርጫ የአዮዋ ግዛት ሰዎችም ኦባማን አንደኛ፣ ኤድዋርድስን ሁለተኛ፣ ክሊንተንን ሦስተኛ አድርገዋል። ኤድዋርድስ ገና በ2005 "ተሳስቻለሁ" ብሎ ጽፎ ነበር፤ ክሊንተን ግን በዘመቻው ሁሉ ይህ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ሀጂ (መናፈሻ)፦ ኦባማም ካሸነፈ በኋላ ጦርነቱን የደገፉትን ሁለቱን፣ ባይደንን ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ክሊንተንን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረጋቸው። የሆጤው፣ እሱንም ትቀጣዋለህ?

የሆጤው፦ እቀጣዋለሁ! 16ቱ ወርም 19 ሆነ እኮ፤ ነሐሴ 2010። ያኔም 50 ሺህ ያህል ወታደር ቀርቶ ነበር፣ እስከ ታኅሣሥ 2011።

የቦርከናዋ፦ አየህ፣ ሦስቱን ወር መቁጠር የቻልከው 16 ስላለ ነው። በኒክሰን ላይ ከስንት ትቀንሳለህ?