ለአምስት ቀን ወደ ዛንዚባር፦ የስቶን ታውንን ጥበብ ከየት እንጀምር?

የሥዕል መምህሩ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። ከባለቤቴ ጋር ዛንዚባርን ለማየት ገንዘብ ስናጠራቅም ቆይተን አሁን የአምስት ቀን ፈቃድ አግኝተናል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ስላለ ጉዞው አያሳስበንም። የሚያሳስበን፣ ስለ ደሴቲቱ የምናገኘው ጽሑፍ ሁሉ ስለ ነጭ አሸዋና ስለ ሆቴል መዋኛ የሚያወራ መሆኑ ነው፤ እኛ ግን አሮጌውን ከተማ ስቶን ታውንን፣ የተቀረጹትን በሮች፣ ሥዕሉንና ሙዚቃውን ማየት እንፈልጋለን። በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል? ለእንግዳ ተብሎ ከሚቀርበው ውጭ የአገሬው ሰው ራሱ የሚታደመው ጥበብስ የት ይገኛል? በተለይ ታአራብ የሚባለውን ሙዚቃ በሆቴል እራት ላይ ሳይሆን በራሱ ቦታ መስማት እንመኛለን፤ ሆኖም ባለቤቴ አንድም የስዋሂሊ ቃል አታውቅም፣ እኔም ከ«ጃምቦ» አላልፍም።

ዳሬሰላም የኖረ፦

መምህር፣ ሦስት ዓመት ዳሬሰላም ስሠራ ሁለት ሰዓት ያህል በሚፈጀው ጀልባ ወደ ዛንዚባር ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁና የማውቀውን ልንገርዎ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አብዛኛው ሰው በፌብሩወሪ ሂዱ ይልዎታል፤ ምክንያቱም ከ2004 ጀምሮ «ሳውቲ ዛ ቡሳራ»፣ ትርጉሙም «የጥበብ ድምፆች»፣ የተባለው የሙዚቃ በዓል የሚካሄደው በዚያ ወር ነው። መድረኩ የኦማን ዐረቦች ፖርቱጋሎችን ካባረሩ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሠሩት አሮጌው ምሽግ ነው፤ የአገሬው ሰው ንጎሜ ኮንግዌ ይለዋል። በእኛ ክረምት ወራት ደግሞ ከ1998 ጀምሮ የሚካሄድ የፊልም በዓል አለ፤ ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚዘዋወር አስቀድመው ያጣሩ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ይሁን እንጂ እርስዎ ለጠየቁት ነገር በዓል አልመክርም፤ በበዓሉ ሰሞን ከመላው አፍሪካ የመጡ ባንዶችን ይሰማሉ፣ አልጋው ይወደዳል፣ ከተማው ግን የራሱን ኑሮ ትቶ እንግዳ ሲያስተናግድ ይሰነብታል። የረመዳን ወር ካልሆነ በስተቀር ማንኛውም ተራ ወር ይሻላል። በረመዳን ሙዚቃው ይቆማል፣ ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤቶችም ይዘጋሉ፤ ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ማየት ያስፈልጋል።

ታአራብን በተመለከተ፣ ዋናው ቁም ነገር ኮንሰርት ሳይሆን ልምምድ መፈለግ ነው። የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከግብፅ ሙዚቀኞችን አስመጥቶ፣ አንድ የአገሩን ሰውም ቃኑን የተባለውን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ እንዲማር ወደ ካይሮ ልኮ ሙዚቃው እንደተጀመረ ይነገራል። ኢኽዋኒ ሳፋ የተባለው ክበብ በ1905 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ አለ፤ ካልቸር ሙዚካል ክለብ ደግሞ የ1958 ነው። እነዚህ ማኅበራት እንጂ የምሽት ቤቶች አይደሉም፤ አባላቱ ቀን ቀን በመሥሪያ ቤት ወይም በሱቅ ውለው ማታ ቫዮሊንና ዑድ የተባለውን የዐረብ ባለ ክር መሣሪያ ይዘው ይሰባሰባሉ። በር ላይ ቆመው በትሕትና ከጠየቁ ወንበር የሚነፍግዎ ሰው አይኖርም፤ እኔ ሁለት ጊዜ እንዲያውም ሻይ ቀርቦልኛል። በ2002 የተከፈተው፣ በዳው (በባለ ሸራው ጀልባ) ስም የተጠራው የዳው አገሮች የሙዚቃ አካዳሚም ተማሪዎቹ የሚያቀርቡት ዝግጅት ስላለው በደረሳችሁ ዕለት ሄዳችሁ ፕሮግራሙን ጠይቁ።

የጀጎል ልጅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ በሮቹ እኔ ልጨምር፤ ሐረር ተወልጄ ስላደግሁ ስቶን ታውን ስደርስ ጠባብ መንገዱ አላስደነገጠኝም፣ ይልቁንም አያቴ ቤት የምሄድ ነበር የመሰለኝ። ልዩነቱ የሐረር ቤት ውበቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ መደቡና ወደ ግድግዳው ማስቀመጫዎች የሚያዞር ሲሆን፣ የዛንዚባር ነጋዴ ግን ሀብቱን በሩ ላይ ቀርጾ ለመንገደኛ ማሳየቱ ነው።

በሮቹን ሲያዩ መጀመሪያ ጉበኑን ይመልከቱ። ጉበኑ ቀጥ ያለ ከሆነ በአብዛኛው የቀድሞው የዐረቦቹ አሠራር ነው፤ በላዩ ላይ ብዙ ጊዜ የቁርኣን ጥቅስ ተቀርጾ ያገኛሉ። እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠው ግን በኋላ በህንድ ነጋዴዎች ተጽዕኖ የመጣ ነው። ሹል የነሐስ ጉጦቹም ከህንድ የመጡ ናቸው፤ እዚያ የጦር ዝሆን በሩን ገፍቶ እንዳይሰብር ታስበው ይሠሩ ነበር፣ ዝሆን በሌለበት ዛንዚባር ግን ጌጥ ብቻ ሆነው ቀሩ። በመቃኑ ላይ የሚያዩትን ዓሣ፣ ሰንሰለትና አበባ ምንነት አስጎብኚዎች በልበ ሙሉነት ይተነትኑልዎታል፤ እኔ ሦስት አስጎብኚዎችን ስለ አንድ ሰንሰለት ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ ስለሰማሁ፣ ትርጉሙን ከመመዝገብ ይልቅ ቅርጹን መንደፍ ይሻላል እላለሁ።

ቤቶቹ የተሠሩት በባሕር ውስጥ ከተፈጠረ የኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከሙት ደግሞ በባሕር ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ግንዶች ናቸው። የግንዱ ርዝመት ውስን ስለሆነ ክፍሎቹ ሁሉ ጠባብና ረጃጅም ሆነው ቀርተዋል፤ የሕንፃውን መልክ የወሰነው አናጺው ሳይሆን ዛፉ ነው ማለት ይቻላል። ዩኔስኮ በ2000 ከተማውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ሆኖም ኖራው በዝናብና በጨዋማ አየር እየተበላ ስለሚሄድ ጥገናው ማለቂያ የለውም። በ1883 የተሠራው «የድንቃድንቅ ቤት» የሚባለው የሱልጣን ባርጋሽ ሕንፃ እንኳ በዲሴምበር 2020 በከፊል ተደርምሶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ስለዚህ ጉብኝታችሁን በእሱ ላይ አትመሥርቱ።

አኮርዲዮን ተጫዋች፦

መምህር፣ ቋንቋው አያስፈራዎ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አኮርዲዮን እጫወታለሁ፤ ታአራብ ውስጥ መሣሪያዬን ከቃኑንና ከቫዮሊን ጎን ተቀምጦ ሳገኘው የዘመድ ቤት የገባሁ ያህል ደስ አለኝ። ዜማው መቃም የሚባለው የዐረብ የዜማ ስልት ነው፣ ቃላቱ ስዋሂሊ ናቸው፤ የግጥሙ ጠባይ ግን ለአማርኛ ሰሚ እንግዳ አይደለም። ማፉምቦ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ላይ ላዩን ስለ አበባ ወይም ስለ መርከብ የሚናገር ግጥም ውስጡ ጎረቤትን የሚነካ፣ ባልን የሚወቅስ ነው፤ በአጭሩ ሰምና ወርቅ ነው። ወርቁ የገባት ሴት ከወንበሯ ተነሥታ፣ ቀስ ብላ እየተወዛወዘች ወደ መድረኩ ትሄድና ለዘፋኟ ገንዘብ ትሰጣለች። እንደ እኛው ሽልማት ይመስላል፤ ነገር ግን እዚያ የትኛው ስንኝ ላይ እንደተነሣች ሁሉም ይመዘግባል፣ ነገሩ ለማን እንደተወረወረም ይጠረጠራል። ቃሉ ባይገባዎትም አዳራሹን በማየት ብቻ ግማሹን ይረዱታል።

ይህን ሙዚቃ ከቤተ መንግሥት አውጥታ የሕዝብ ያደረገችው ሲቲ ቢንቲ ሳድ ናት። ከድሃ ቤተሰብ የተወለደች ገጠሬ ነበረች፤ በስዋሂሊ እየዘፈነች በ1928 ቦምቤይ ድረስ ሄዳ ሸክላ አስቀርጻለች። በ2013 ያረፉት ዘፋኟ ቢ ኪዱዴም የእሷን መንገድ የተከተሉ ናቸው።

ባለቤትዎ ደግሞ ዳራጃኒ ገበያ አካባቢ ካንጋ የሚሸጡ ሱቆችን ትጎብኝ። ካንጋ ጥንድ ሆኖ የሚሸጥ የሴቶች ልብስ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ መስመር አባባል ታትሞበታል። ሴቶች ቀለሙን ብቻ ሳይሆን አባባሉን አንብበው ይገዛሉ፤ በአፍ የማይነገረውን ለምቀኛ ጎረቤት ለብሰው ያሳያሉና። ባለ ሱቁን «ምን ይላል?» ብላ ሳትጠይቅ አትግዛ፤ እኔ ለእናቴ የገዛሁት በኋላ ሲተረጎም ለእናት የሚሰጥ አልነበረም።

የሥዕል መምህሩ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በበዓል ሰሞን ላለመሄድ ወስነናል። ሁለት ነገር ይቀረኛል፦ በየሱቁ ስለሚታዩት ቲንጋቲንጋ ስለሚባሉት ደማቅ ሥዕሎች ምን ትላላችሁ? መንገድ ላይ ተቀምጬ ብነድፍስ ቅር የሚለው ይኖራል?

ዳሬሰላም የኖረ፦

ቲንጋቲንጋ የዛንዚባር አይደለም። ኤድዋርድ ሰዒድ ቲንጋቲንጋ የተባለ ሰው በ1968 አካባቢ ዳሬሰላም ውስጥ በርካሽ ጣውላ ላይ በብስክሌት ቀለም መሳል ጀምሮ፣ በ1972 ከሞተ በኋላ ዘመዶቹና ተማሪዎቹ አሠራሩን አስፋፉት። ስቶን ታውን ውስጥ የሚያዩት አብዛኛው የቅጂ ቅጂ ነው፤ ያ ዝሆንና ቀጭኔ በአሥር ሱቅ በአንድ ዓይነት አቋም ቆሞ ያገኙታል። ተማሪዎችዎን ለማሳየት አንድ ትንሽ መግዛት አይከፋም፤ ከዚያ በላይ ግን ገንዘብዎን ለካንጋና ለሙዚቃው ያቆዩት።

መንደፍን የሚጠላ ሰው አላየሁም፤ እንዲያውም ሕፃናት ይከቡዎታል። ካሜራ ግን ሰው ሳያስፈቅዱ አይደቅኑ፣ በሁለታችሁም በኩል ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይሁን። አንድ ጠዋት በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ወደቆመው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ፤ በግቢው ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ አምስት የሰው ሐውልቶች ቆመዋል። ያን ቀን ሌላ ፕሮግራም አትያዙ። በሱልጣኖቹ ቤት ውስጥ በባርነት የመጡ ሐበሻ ሴቶችም እንደነበሩ የዛንዚባሯ ልዕልት ሳልሜ በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ጽፋለች።

ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለውጭ አገር ጎብኚ ግዴታ የሆነውን የ44 ዶላር ኢንሹራንስ አስቀድማችሁ ክፈሉ። ስለ ሰዓት ደግሞ ከሌላው እንግዳ ይልቅ እናንተ ትታደላላችሁ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓቱን እንደ እኛው ከማለዳ ጀምሮ ይቆጥራል። የክበቡ ዘበኛ «ሳ ምቢሊ ኡሲኩ» ካላችሁ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ትኬት ላይ ከታተመ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነውና 8 ተብሎ ይጻፋል።