የኮምቦልቻ የበገና ቅኝት ደሴ ላይ ይፈርሳል፤ መምህሩ ፊት እንዴት ልቅረብ?

ጀማሪ ደርዳሪ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በመዝሙራቸውም በንግግራቸውም እምነታቸውን በግልጽ የሚመሰክሩ፣ እጅግ የማከብራቸው የበገና መምህር በዐቢይ ጾም ደሴ ይመጣሉ። ያዘጋጀው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ከመርሐ ግብሩ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ካገኘሁ አደራደሬን እንዲያርሙኝ በገናዬን ይዤ ልወጣ አስቤአለሁ። ግን እዚህ በትዝታ አሳምሬ የቃኘሁት የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ይፈርሳል፤ ንዝረቱም ይጠፋል። ምን ላድርግ? እሳቸውንስ መቼና እንዴት ልቅረባቸው?

አውታር (ደሴ)
ወንድሜ፣ በገናህ አልተበላሸም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከሙቀት ወደ ጦሳ ተራራ ብርድና ጉም ትገባለህ። አውታሩ የበግ አንጀት ነው፣ ገበቴው (የድምፅ ሣጥኑ) ላይ የተወጠረውም ቆዳ ነው፤ ሁለቱም እርጥበት ይጠጣሉ። ቆዳው ሲላላ አውታሮቹን የተሸከመው እንጨት፣ በርኩማው፣ ዝቅ ይላል። ወፍራሙና ቀጭኑ አውታር ደግሞ እኩል አይለወጡም፤ ቅኝቱ የሚፈርሰውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ድረስ። መርሐ ግብሩ በሚካሄድበት አዳራሽ ውስጥ ከከረጢቱ አውጥተህ አስቀምጠውና አየሩን ይልመድ። ወዲያው አትቃኝ፣ ድካምህ ከንቱ ነው። ቆይተህ ዐሥሩንም ቃኝተህ ስትጨርስ ወደ መጀመሪያው ተመለስ፤ የኋለኞቹ ሲወጠሩ ቆዳውን ስለሚጫኑት የፊተኞቹ ወርደው ታገኛቸዋለህ። ሁለት ሦስት ዙር ይፈልጋል። መቃኛውን በጥቂት በጥቂቱ አዙር፤ አንጀት በአንድ ጊዜ ሲሳብ ይበጠሳል። አንድ ሁለት ትርፍ አውታር መያዝም አትርሳ።

ንዝረቱ የእንዚራው፣ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ሥራ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ ንካው። አውታሩ ከበርኩማው ጋር በስሱ እስኪነካካ ድረስ ቁራጭ ቆዳዋን ወደ ፊት ወደ ኋላ ታንቀሳቅሳለህ። ከልክ በላይ ከገባች ድምፁ ይታፈናል፣ ከወጣች ደግሞ እንደ ክራር ደረቅ ይሆናል። ሳትቃኝ እንዚራ ብታስተካክል ሥራው እንደገና ነው።

ለጉዞው አውታሮቹን ሁሉ አላላቸው።

ገበቴ
በመጨረሻው አልስማማም። ሁሉም ከላላ በርኩማው ከቦታው ይንሸራተታል፣ አውታሩም እንደገና እስኪረጋ አንድ ቀን ይወስዳል። እያንዳንዱን በትንሹ ብቻ ዝቅ አድርግ፤ የበርኩማውን ቦታም ቆዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግበት። ሚኒባስ ላይ ከጣሪያ አይጫንም፣ ሞተሩ የሚሞቅበት የፊት ወንበር አጠገብም አይቀመጥ። የሁለተኛ ሰው ሒሳብ ከፍለህ ከጎንህ አቁመው።

ሰንበት ተማሪ (ደሴ)
ስለ መቅረቡ ልጨምር። ከመርሐ ግብሩ በፊት አትጠጋቸው። ያን ሰዓት እሳቸውም እየቃኙ ነው፣ ብዙ ደርዳሪም ከመደርደሩ በፊት ይጸልያል። አስቀድመህ ለአዘጋጁ ሰንበት ትምህርት ቤት ተናገር፣ እነሱ ያገናኙሃል። «መምህር» ብለህ በእርስዎታ አናግራቸው። ካህን ካልሆኑ ግን መስቀል አሳልሙኝ አትበል፣ ሰውን ታሳቅቃለህ። «አንድ ዘፈን ይጫወቱልን» የሚል ቃልም ከአፍህ አይውጣ፤ በገና ይደረደራል፣ ለእሳቸውም ጸሎት ነው። ሲጨርሱ ጭብጨባ አይገባም።

ሊጋብዟቸው የሚፈልጉ ሁሉ በስድስት ሰዓት «ምሳ እንብላ» ይላሉ። በዐቢይ ጾም ብዙዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቡና እንኳ አይቀምሱም። ከዚያ በኋላ ሽሮ ወይም በያይነቱ ይበቃል፤ ማኪያቶ ግን ወተት አለበት።

ጀማሪ ደርዳሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጡኝ ምን ልጠይቃቸው?

አውታር
ያልተቃኘ በገና አታቀብላቸው፣ አምስቱ ደቂቃ በመቃኘት ያልቃል። አንድ አጭር መዝሙር ደርድርና ግራ እጅህን እንዲያዩልህ ጠይቅ፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ጣት መትቶ የት እንደሚያርፍ ላይ ነው። ስመ ጥሩ በገና ደርዳሪ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ከዐሥሩ ስድስቱን ነው የሚመቱት፣ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው። ዐሥሩንም የሚደረድሩ መምህራን አሉ። ስለዚህ የእሳቸው መንገድ የትኛው እንደሆነ፣ በጣት ይሁን በቀንድ መምቻ፣ መጀመሪያ ይህንን ጠይቅ። ዐሥሩ አውታር ዐሥርቱ ትእዛዛት ናቸው፤ የበገናውን ሁለት ቋሚ ምሰሶዎች ግን አንዱ መምህር በብሉይና በሐዲስ ይመስላቸዋል፣ ሌላው በሚካኤልና በገብርኤል። እሳቸው እንዴት እንደሚያስተምሩት መስማት ለእኔ ከፎቶ ይበልጣል።

ገበቴ
መቅዳት ከፈለግህ አስፈቅድ። የበገና ድምፅ ዝቅተኛ ነው፤ ከኋላ ወንበር የተቀዳ ሳል ብቻ ይሰማበታል። ከተፈቀደልህ ስልኩን ጥሪ እንዳይገባበት አድርገህ ከገበቴው ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያዘው። ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥከው የእንጨቱ ንዝረት ይገባበታል፤ የታጠፈ ነጠላ ከሥሩ አድርግ።