መደቤን በኮምፖስት ብቻ ሞላሁት፤ ችግኞቼ ቢጫ እየሆኑ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው 30 ሳንቲሜትር የሆነ የእንጨት መደብ አሠርቼ ነበር። በከረጢት የሚሸጠውን ኮምፖስት 12 ከረጢት ገልብጬ ሞላሁት፤ እያንዳንዱ 50 ሊትር ነው። አፈር አልቀላቀልኩም። አሁን የቲማቲም ችግኞቼ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ እየሆኑ ነው። መደቡም ወደ 7 ሳንቲሜትር ጎድሏል። ጫር ጫር ሳደርገው ያልበሰበሰ የእንጨት ስባሪ ሞልቶታል። አውጥቼ ልድፋው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እንዳትደፊው! ቢጫው ከታች ከጀመረ ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከአትክልቱ ይሻማሉ። ትልልቁን ስባሪ ልቀሚና ከላይ አልብሺው። እዚያ ሲሆን እርጥበት ይይዛል እንጂ አይጎዳም። በደንብ የበሰበሰ የዶሮ ፍግ ካገኘሽ ትንሽ በትኚበት። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል፣ ተጠንቀቂ።

ሌላ መልስ፦ መጉደሉ አይግረምሽ። ኮምፖስት ብስባሽ ነው፤ መበስበሱን ሲቀጥል እየሟሸሸ ይሄዳል። አጥንት የሚሆነው አፈሩ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ነው የምቀላቅለው። በአንቺ መደብ 400 ሊትር አፈርና 200 ሊትር ኮምፖስት ማለት ነው። የሚተርፈውን ከምረሽ እርጥብ አድርገሽ አቆዪው። በየዓመቱ ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ከላይ ትጨምሪያለሽ። ውኃ ስታጠጪም ጣትሽን አስገብተሽ እዪ። ከላይ ረጥቦ ከሥር ደረቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሌላ መልስ፦ ለሚቀጥለው ግዢ፦ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኚ። እፍኝ ኮምፖስት አርጥበሽ በፌስታል ቋጥሪና ለ3 ቀን አስቀምጪ። ስትከፍቺው የአሞኒያ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ከመጣ ገና አልበሰለም። የበሰለ ኮምፖስት የሚሸተው እንደ ዝናብ የነካው አፈር ነው። ባቄላ ዘርተሽም ሞክሪው። አዲስ ቅጠሉ ከተጠማዘዘ የአረም መድኃኒት ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳልሞክር ቀርቼ ቲማቲሜ በሙሉ ተበላሽቶብኛል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አፈሩን ለመቀላቀል ችግኞቹን መንቀል አለብኝ?

መልስ፦ አሁን አትንቀዪ። ፍጉን ከግንዱ ራቅ አድርገሽ ዙሪያውን ጨምሪና አጠጪ፤ አፈሩን ምርቱ ከተነሳ በኋላ ትቀላቅዪዋለሽ። ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ወደ አረንጓዴ አይመለሱም፣ እነሱን አትዪ። ጫፉ ላይ የሚወጡትን አዳዲሶቹን ተከታተዪ።