«ፊልተር ቅንጦት ነው» ላለው ነጋዴ

የሳሪሱ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ዓሣ ሻጭ ቲክቶክ ላይ የለጠፈውን አይታችኋል? አራት ሊትር በማትሞላ ክብ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሣ ያለ ውሃ ማጣሪያ (ፊልተር) ከትቶ፣ «ፊልተር ቅንጦት ነው። ዓሣ የሚፈልገው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። በሳምንት አንዴ ደፍታችሁ በአዲስ ሙሉት፣ አለቀ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ለልጄ ልደት ፈልጌ ነበር፣ የት ላግኝህ?» የሚል ሰው ተደርድሯል። ደሜ ፈላ። ወርቃማ ዓሣ በወጉ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። በዚያች ብርጭቆ ግን ወሩን የሚደፍን ጥቂቱ ነው። ልጅ ያለቅሳል፣ አባት ሌላ ይገዛል፣ ነጋዴው እንደገና ይሸጣል። የጣልያኗ ሞንዛ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ሮም ደግሞ በ2005 ወርቃማ ዓሣን በክብ ብርጭቆ ማኖርን ደንብ አውጥተው ከልክለዋል። እዚህም ቢያንስ እንዲህ ብሎ ማስተዋወቅ ሊከለከል ይገባል።

ባለ ሱቅ፦
እኔ ሌላ ሱቅ ነኝ፣ ቪዲዮውን አልሠራሁትም። ሰውየው የተናገረው ግን ብዙዎቻችን ለደንበኛ የምንለውን ስለሆነ ልመልስ። ሮም መብራት እንደኛ አይጠፋም። እዚህ ሰው ከታንኩ (ከዓሣው የመስታወት ሳጥን) ጀርባ የሚንጠለጠለውን ፊልተር ይገዛል። ማታ መብራት ይሄዳል፣ ፊልተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ታንኩ ይወርዳል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሲመጣ ሞተሩ በደረቁ ይሽከረከራል፣ ጠዋት ተቃጥሎ ይገኛል። ይዞት የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ዕቃው ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። ለልጁ አንድ ዓሣ ሊገዛ የመጣን ሰው ከዓሣው ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ዕቃ ካልገዛህ አልሸጥልህም ልበለው? ለእሱ ቅንጦት ነው፣ አዎ።

የባዮሎጂ መምህር፦
ቅንጦቱ ይቆየንና «ንጹሕ ውሃ ብቻ» የሚለው ላይ እንቁም። ንጹሕነቱ ለእኛ ዓይን ነው ወይስ ለዓሣው? ዓሣ በስንጥቡ (ውሃ ውስጥ በሚተነፍስበት አካሉ) በኩል አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል፤ የተረፈው ምግብና ኩሱም ሲበሰብስ አሞኒያ ነው የሚሆነው። አሞኒያ ቀለም የለውም። ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ ስንጥቡ ይቃጠላል። ፊልተር ቆሻሻ ማጥለያ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ስፖንጁ ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንደኞቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን በብዛት ካልተጠራቀመ አይጎዳም፣ ውሃ ሲቀነስ አብሮ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

ባለ ሱቅ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለደንበኛ «ስድስት ሳምንት ባዶ ውሃ ስታይ ከርመህ ና» ልበለው? ማን ይመለሳል?

የሳሪሱ ልጅ፦
ስድስት ሳምንት የሚጠብቀው ከዜሮ የሚጀምር ነው። አንተ ሱቅህ ውስጥ የቆየ ታንክ አለህ አይደል? ከእሱ አንድ ቁራጭ አሮጌ ስፖንጅ ቆርጠህ ለገዢው ብትሰጠው እንደ እርሾ ነው፣ አዲሱ ቶሎ ይይዛል። ምንም አያስወጣህም። ይህን የሚያደርግ ሱቅ ግን አላየሁም።

እናት ከአያት፦
እኔ የገባኝን ልናገር። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ ከሮቶ እየቀዳን እንሰነብታለን። ሰውየው «ደፍታችሁ ሙሉ» ሲል የት ሆኖ ነው? ውሃን በየሳምንቱ ሙልጭ አድርጎ መድፋት ነው እንጂ ቅንጦቱ፣ ፊልተሩ ምኑ ቅንጦት ነው?

ባለ ሱቅ፦
እሜቴ፣ አራት ሊትር ውሃ እኮ ነው። እነሱ ግዢ የሚሉሽ ታንክ 40 ሊትር ይይዛል፤ በየሳምንቱ ሩቡን ቀይሪ ሲሉሽ 10 ሊትር መሆኑ ነው። ውሃ የሚያባክነው የቱ ነው?

የሳሪሱ ልጅ፦
አራት ሊትር «በሳምንት አንዴ» እኮ ነው ዓሣውን የሚገድለው! ሁለት ወርቃማ ዓሣ ያለ ፊልተር በአራት ሊትር ውስጥ በሕይወት ይቆይ ካልክ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መቀየር አለብህ። ሒሳቡን አንተው ሥራው። ያም ሆኖ በየጊዜው ክሎሪን ያለበት ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ሲለቀቅበት ዓሣው ይደነግጣል። እሱ እንኳ ለወርቃማ ዓሣ 40ውም ጠባብ ነው፤ 40 ሊትር የምንለው ለጉፒና ለመሳሰሉት ትንንሾች ነው።

ቨርጂኒያ፦
ወገኖች፣ እኔ እዚህ የምጠቀመው ካኒስተር ፊልተር ነው፣ ከታንኩ ሥር ካቢኔ ውስጥ ይቀመጣል፣ ድምፅ የለውም። ሌላውን ለምን ታስባላችሁ? ደግሞ «ውሃውን በባልዲ አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይተናል» የምትሉት ስሕተት ነው፣ አይተንም። ማርከሻ ጠብታ መጨመር ግዴታ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦
አይተንም የምትለው የእናንተው ውሃ ነው። የዋሽንግተንና የአንዳንድ የቨርጂኒያ ጎረቤቶቿ ውሃ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው) ነው፤ ክሎራሚን ባልዲ ውስጥ አድሮ አይለቅም። ተራ ክሎሪን ግን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍቱን ካደረ፣ በተለይ አየር ከተነፋበት፣ ይለቃል። ማርከሻው ቢገኝማ ጥሩ ነበር፤ ሁሉም ሰፈር አይገኝም እንጂ።

ቨርጂኒያ፦
ይሁን፣ ካኒስተሩስ?

ባለ ሱቅ፦
ካኒስተር! እኔን ቅንጦት አልክ ብለው የሚወቅሱኝ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ዝም አሉ።

የሳሪሱ ልጅ፦
ዝም አላልንም። ካኒስተር መብራት ለሚጠፋበት አገር የመጨረሻው ምርጫ ነው። የተዘጋ ባልዲ ማለት ነው፤ ሞተሩ ለብዙ ሰዓት ሲቆም ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መብራት ሲመጣ ያንን የሸተተ ውሃ በሙሉ ዓሣው ላይ ይለቀዋል። ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ሳይታጠብ አይበራም። ለእኛ የሚሆነው ስፖንጅ ፊልተር ነው፦ ስፖንጅ፣ ቱቦ፣ የአየር ፓምፕ። የሚቃጠል ሞተር ውሃ ውስጥ የለም። መብራት ቢጠፋም ስፖንጁ ታንኩ ውስጥ ክፍት ስለሆነ ባክቴሪያው ቶሎ አይሞትም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ በተጠባባቂነት ካለ ደግሞ ሌሊቱን ያሳልፋል። ፓምፑን ግን ከውሃው ልክ በላይ አስቀምጡት፣ ወይም ቱቦው መሐል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፈውን ቫልቭ አስገቡበት። ያለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፓምፑ፣ ከዚያ ወደ ሶኬቱ ይሄዳል።

እናት ከአያት፦
ስፖንጁ የዕቃ ማጠቢያው ይሆናል? ልጄ ካሁኑ ልትቆርጠው ነው።

የሳሪሱ ልጅ፦
በፍጹም እንዳትቆርጠው! የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አንዳንዱ ፀረ ባክቴሪያ የተነከረ ነው፣ ሳሙናም ይይዛል። ስታጥቡትም ከታንኩ በቀዳችሁት አሮጌ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ብቻ፤ ቧንቧ ሥር ካጠባችሁት ክሎሪኑ የስድስት ሳምንቱን ሥራ ሊያበላሸው ይችላል። እንዲነጣም አትጠብቁ። ቡኒ ሆኖ መቅረቱ ጤናው ነው።

ጋሼ ኩሬ፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ፊልተር ፊልተር ትላላችሁ። እኔ ከፊልተር ጋር የተለያየሁት ድሮ ነው። ሰፋ ያለ ታንክ፣ ከሥር አፈር፣ ከላዩ አሸዋ፣ ውሃው በተክል ጥቅጥቅ ያለ፣ ዓሣው ጥቂት ጉፒ። ተክሉ አሞኒያውን ይበላዋል። መብራት ቢመጣ ባይመጣ ግድ የለኝም። ስለዚህ ነጋዴው «ፊልተር ቅንጦት ነው» ማለቱ በዚህ በኩል እውነት አለው።

ባለ ሱቅ፦
ጋሼ ይኑሩልኝ! ሰማችሁ?

የሳሪሱ ልጅ፦
ጋሼ፣ የእርስዎን ታንክ ያየ ሰው አይከራከርዎትም። ግን እርስዎ ፊልተሩን በተክል ተኩት እንጂ አልተዉትም። የሰውየው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ሰማያዊ ጠጠርና የፕላስቲክ አበባ። እርስዎ ያሉትን ይዞ የራሱን ሊሸጥበት ነው።

ጋሼ ኩሬ፦
እሱማ አዎ። ወርቃማ ዓሣም ቢሆን ተክል በልቶ ነው የሚጨርሰው፣ ከእኔ ታንክ አይገባም። ያም ሆኖ ክልከላ የምትሉት አይገባኝም። ሰው ተምሮ እንጂ ተቀጥቶ ዓሣ አያረባም።

የባዮሎጂ መምህር፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አላነሳውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳር በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። በዚህ ላይ ክቧን ብርጭቆ እስከ አንገቷ ሲሞሏት አየር የሚያገኘው የውሃ ገጽ ከሲኒ አፍ አይበልጥም። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ሲከድን ልጆች «እያወራኝ ነው» ይላሉ። አየር አጥቶ ነው። ብርጭቆ የግድ ከሆነ እንኳ ግማሽ ብቻ ይሞላ፣ ዓሣውም ቶሎ ይውጣ።

የጀሞ፦
እና ቤታ የሚባለው ዓሣስ? ቤታ ከላይ አየር ይተነፍሳል፣ ብርጭቆ ይበቃዋል ብለው ነው የሸጡልኝ።

የባዮሎጂ መምህር፦
አየር መተንፈሱ እውነት ነው፤ አሞኒያው ግን እሱንም ያቃጥለዋል። ሌላም አለ፦ ቤታ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። በክረምት የጀሞ ሌሊት ያለ ማሞቂያ ከዚያ በጣም ይወርዳል። ከሥር ተኝቶ አልበላም ካለ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እይ።

የጀሞ፦
እሺ መምህር። ካልሆነ ወንዝ ወስጄ እለቀዋለሁ፣ ነፃ ይውጣ።

ባሕር ዳር፦
እንዳታደርገው! ይኼ «ነፃ ይውጣ» የምትሉት ነገር ያንገበግበኛል። ጣና ውስጥ ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኙ ባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ዝዋይ ውስጥ ዛሬ የሚሰገረው ካርፕ ከውጭ የመጣ ነው። ወርቃማ ዓሣም የካርፕ ዘመድ ነው፤ ደለሉን ይቆፍራል፣ ውሃ ያደፈርሳል፣ የሌላውን ዕንቁላል ይበላል።

የጀሞ፦
እኔ የያዝኩት አንድ ቤታ ነው፣ ጣናን ሊያጠፋ ነው?

ባሕር ዳር፦
አንተ አንዱን፣ ጎረቤትህ አስሩን። በሽታውንስ አስበኸዋል? ለሚያኖርለት ሰው ስጥ፣ ወይም ለሱቁ መልስ።

ባለ ሱቅ፦
እኔ የተሸጠ ዓሣ አልመልስም። በሽታ ይዞብኝ ይመጣል።

የሳሪሱ ልጅ፦
አየህ! በሽታ እንደሚይዝ ስታውቅ ነው «ንጹሕ ውሃ ብቻ» የምትለው።

ባለ ሱቅ፦
እኔ አላልኩም፣ ሰውየው ነው ያለው አልኩህ።

የሳሪሱ ልጅ፦
«ብዙዎቻችን የምንለውን ነው» ያልከው አንተ ነህ፣ ላይ ተጽፏል።

እናት ከአያት፦
ኧረ ተዉ። እኔ ከመስታወት ቤት ታንክ ላሠራ ነው፣ 50 በ30 በ30። ምን ልንገራቸው?

የሳሪሱ ልጅ፦
እትዬ፣ ያ ሲሞላ 45 ሊትር ነው። ውሃው ብቻ 45 ኪሎ ይመዝናል፣ ጠጠሩና መስታወቱ ሳይቆጠር። ስለዚህ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት፣ ከሥሩም ስስ ስፖንጅ ያንጥፉ። ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ ያልተቀላቀለበት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የተቀላቀለበት ነው፣ ዓሣ ይመርዛል። ከደረቀ በኋላ የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ከዚያ ሞልተው ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ያሳድሩት፣ የሚያፈስ ከሆነ እዚያው ይታያል። ስፖንጁን ከእኔ ታንክ እሰጥዎታለሁ፣ ቡኒውን። እርጥቡን ከታንኩ ውሃ ጋር በፌስታል ይዤ እመጣለሁ፣ እንዳይደርቅ በዚያው ቀን ይግባ።

እናት ከአያት፦
ተባረክ ልጄ። ስንት ዓሣ ላስገባ?

የሳሪሱ ልጅ፦
መጀመሪያ ሦስት ጉፒ፣ ሁሉንም ወንድ፣ ያለዚያ በወራት ውስጥ ቤቱን ይሞሉታል። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ።

ጋሼ ኩሬ፦
ተክሉን ከእኔ ውሰጂ፣ ተርፎኛል። ፊልተሩንም ትተይዋለሽ።

የሳሪሱ ልጅ፦
ጋሼ፣ ለጀማሪ እባክዎን ሁለቱም ይኑር።

ባለ ሱቅ፦
ስፖንጅ ፊልተርና ቫልቭ አምጥቼ ልሸጥ እችላለሁ፣ ርካሽ ነው። ክቧን ብርጭቆ ግን ከመደርደሪያ አላወርድም። ገዢ አላት፣ የቤት ኪራይ የምትከፍልልኝ እሷ ናት። ሕግ ሲወጣ ያኔ እናያለን።

የሳሪሱ ልጅ፦
ብርጭቆዋን ሽጣት፣ ተክል ይትከሉባት። ከዓሣ ጋር አንድ ላይ አትሽጣት ነው የምልህ። ይህም ቅንጦት ነው?

ባለ ሱቅ፦
ዓሣ የሌለበት ብርጭቆ ማን ይገዛኛል?