ቶረንቱ ወርዶ ሳያልቅ ቪዲዮውን ማየት ይቻላል? (ኪውቢትቶረንት እና ቪኤልሲ)

የማታ ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በነፃ እንዲሰራጭ የተፈቀደ የትምህርት ቪዲዮ በኪውቢትቶረንት (የቶረንት ማውረጃ ፕሮግራም) እያወረድኩ ነው፤ ጠቅላላው 11 ጊጋባይት፣ ፋይሎቹ 9 ናቸው። ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ስለሆነ እስኪያልቅ ሳልጠብቅ ከመጀመሪያው ትምህርት ልጀምር ብዬ 40 በመቶ ላይ በቪኤልሲ ማጫወቻ ከፈትኩት። የኤምኬቪው ፋይል ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ ኤምፒ4ቱ ግን ጭራሽ አልከፈት አለኝ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ወይስ ማጫወቻው ነው ችግሩ? እባካችሁ እርዱኝ።

ጥቁር ሰሌዳ፦
እህቴ አይዞሽ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ቶረንት ፋይሉን ቆራርጦ ከተለያዩ ሰዎች ኮምፒውተር ነው የሚያወርደው፤ ቁራጮቹም በተራ አይመጡም። 40 በመቶ ማለት መጀመሪያው 40 በመቶ ሳይሆን እዚህም እዚያም የተበተነ 40 በመቶ ነው። ቪኤልሲ ያልወረደው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ኤምፒ4 እምቢ ያለሽ በሌላ ምክንያት ነው። ምስሉና ድምፁ የት የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ ብዙ ጊዜ የተቀመጠው ፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያ ጫፍ ካልወረደ ማጫወቻው መነሻውን አያገኝም። ኤምኬቪ ግን ለመጀመር የሚያስፈልገውን ከፊት ስለሚይዝ ይከፈታል።

ቶረንቱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጊና «ዳውንሎድ ኢን ሲኩዌንሻል ኦርደር» እና «ዳውንሎድ ፈርስት ኤንድ ላስት ፒስስ ፈርስት» የሚሉትን ሁለቱንም ምረጪ። ሁለተኛውን እንዳትረሺው፤ ኤምፒ4ቱን የሚከፍትልሽ እሱ ነው።

ሰባራ ቁልፍ፦
በተራ ማውረዱን እኔ አልወደውም። ቶረንት ብርቅ የሆነውን ቁራጭ የሚያስቀድመው ሙሉው ፋይል ያላቸው ሰዎች (ሲደሮች) ድንገት ቢወጡ እንኳ ቁራጩ ከመሀላችን እንዳይጠፋ ነው። ሁላችንም ከፊት ከጀመርን የመጨረሻዎቹን የሚይዝ ይጠፋል። ሲደሩ ብዙ ከሆነ ግን ግድ የለም። ጥቂት ከሆነ «ኮንቴንት» በሚለው ገጽ ገብተሽ የመጀመሪያውን ፋይል ቅድሚያ «ማክሲመም» አድርጊው፤ እሱ ቀድሞ ያልቅልሻል።

ዝምተኛው፦
የምታወርጂበት ዲስክ ፎርማቱ ፋት32 (የቆየ የፋይል አያያዝ ዓይነት) ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ እሱንም እዪው።

የማታ ተማሪዋ፦
ሲደሩ 3 ብቻ ስለነበር ሰባራ ቁልፍ እንዳለው አደረግኩ፤ የመጀመሪያው ኤምፒ4 አልቆ ተከፈተ! ዲስኩም ፋት32 አይደለም። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር፦ ሁለተኛው ፋይል 100 በመቶ ደርሶ ድምፁ ደህና ነው፣ ምስሉ ግን ይንቀራፈፋል።

ጥቁር ሰሌዳ፦
መጀመሪያ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ «ፎርስ ሪቼክ» በዪው፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ቶረንቱ ውስጥ ለእሱ ከተመዘገበው መለያ ቁጥር ጋር ያመሳክራል። ንጹህ ከሆነ በቪኤልሲ ቱልስ ውስጥ «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» ክፈቺ። ኤችኢቪሲ (ቪዲዮን በጣም የሚጨምቅ፣ ለመፍታት ግን የሚከብድ ኮዴክ) የሚል ካገኘሽ ፕሮሰሰርሽ ብቻውን እየፈታው ሊሆን ይችላል። ፕሪፈረንስስ ውስጥ «ኢንፑት/ኮዴክስ» ላይ ሃርድዌር ዲኮዲንጉን (ምስሉን የመፍታቱን ሥራ ለግራፊክስ ክፍሉ የሚሰጠውን) «አውቶማቲክ» አድርጊና ቪኤልሲን ዘግተሽ ክፈቺው።

የማታ ተማሪዋ፦
ኤችኢቪሲ ነው! ሃርድዌሩ «ዲስኤብል» ተብሎ ነበር፤ ቀየርኩት፣ አሁን ያለ እንከን ይሄዳል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲደሩ 3 ብቻ ስለሆነ አውርጄ ስጨርስም ቶረንቱን አልዘጋውም።