የማይሰማ አስተማሪ ነበረ ወይ? ልጄ ጠይቃኝ መልስ አጣሁ

የማኪ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ መስማት የተሳናት ናት፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ስለ ታላላቅ ሰዎች የቤት ሥራ ተሰጥቷት የሄለን ኬለርን ታሪክ አብረን አነበብን፤ ወደደችው። ቤትሆቨንን ስነግራት ግን «ሙዚቃ ለኔ ምን ይሠራልኛል?» ብላ በእጇ አባረረችው። ቀጥላ «እንደኔ የማይሰማ አስተማሪ ነበረ?» አለችኝ። እሷ የምታውቃቸው አስተማሪዎች በሙሉ ይሰማሉ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግም የሚመጣልኝ አንድ ደግ ቄስ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ግርሃም ቤል ይህን አደረገ እያለ ሰሚ ለማይሰማ የዋለውን ውለታ የሚተርክ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ጀባ በሉኝ።

ጣት ፊደል፦
እህቴ፣ ሞልተዋል። እኔም በልጅነቴ በማጅራት ገትር መስማት ያቆምኩ፣ አሁን እንደ ማኪ ያሉ ልጆችን የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ወሬዬ ቢረዝም ታገሺኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዣን ማሲዩ ጀምሪላት። በ1772 ቦርዶ አካባቢ ከድሃ ቤተሰብ የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። አምስት ወንድሞቹና እህቶቹም አይሰሙም ነበር። በግ ጠባቂ ነበረ፤ በጎቹን በጣቱ ይቆጥርና ከአሥር ሲያልፍበት ዱላው ላይ ምልክት ይቆርጣል። ቁጥር ያስተማሩኝ ጣቶቼ ናቸው ብሎ በኋላ ራሱ ጽፎታል። አባቱን ትምህርት ቤት አስገባኝ ብሎ ሲለምነው፣ አባትየው በምልክት «አትሰማም፣ ምን ትማራለህ» ብሎ መለሰው። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ በ1790 ፓሪስ ባለው የማይሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት ረዳት መምህር የሆነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አብዮተኞቹ የትምህርት ቤቱን ኃላፊ አባ ሲካርን ሲያስሯቸው፣ ተማሪዎቹን አስከትሎ በጽሑፍ አቤቱታ ይዞ ሸንጎው ፊት የቀረበውም እሱ ነው።

ከማሲዩ ተማሪዎች አንዱ ሎራን ክሌር ነበር። በሕፃንነቱ እሳት ላይ ወድቆ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ቀርቶበታል። በ12 ዓመቱ ፓሪስ ሲገባ ንግግር የሚያለማምደው አንድ ሰሚ መምህር ነበረ። ልጁ «ዳ» እና «ታ»ን መለየት ሲያቅተው መምህሩ ትዕግሥቱ አልቆ አገጩን በቡጢ መታው፤ ልጁ ምላሱን ነከሰ። ይህንን ክሌር አርጅቶም አልረሳውም። እኔ ይህን ታሪክ ለክፍሌ ስነግር የማይነቃነቅ ልጅ የለም፤ ሁሉም አገጩን ይይዛል።

ቶማስ ጋሎዴት የሚባል አሜሪካዊ፣ የማይሰሙ ልጆችን የማስተማር ዘዴ ሊማር አውሮፓ መጥቶ ክሌርን አገኘውና በ1816 ከሌ አቭር ወደብ ተያይዘው ተሳፈሩ። ጉዞው 52 ቀን ፈጀ። በመርከቡ ላይ ክሌር ምልክት ያስተምራል፣ ጋሎዴት እንግሊዝኛ ያስተምራል። በሚያዝያ 1817 አሜሪካ ሃርትፎርድ ውስጥ ትምህርት ቤታቸው ተከፈተ። በብዙ መጻሕፍት ጋሎዴት መሥራች፣ ክሌር ደግሞ ረዳት ተደርጎ ይጻፋል። ይህ ያናድደኛል። ክሌር ባይኖር የሚያስተምሩበት ቋንቋ ከየት ይመጣ ነበር? ደግሞ እስከ 1858 ድረስ አስተምሯል፤ እዚያ የወጡ የማይሰሙ ተማሪዎችም በየግዛቱ አስተማሪ ሆነዋል።

በ1880 ሚላን ላይ የማይሰሙ ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራን ጉባኤ ተሰብስቦ፣ ልጆቹ ያለ ምልክት በንግግር ብቻ ይማሩ ብሎ ወሰነ። ከ160 በላይ ከሆኑት ተሰብሳቢዎች የማይሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የማይሰሙ መምህራን ከክፍል ተባረሩ። ማኪ የማይሰማ አስተማሪ አይታ የማታውቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አስተርጓሚዋ፦
ጣት ፊደል ጨርሶታል፣ እኔ አንድ ብቻ ልጨምር። በ1988 ዋሽንግተን ባለው፣ የማይሰሙ ተማሪዎች በሚማሩበት በጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ፣ የማይሰሙ እጩዎች ቀርበው ሳለ ቦርዱ የምልክት ቋንቋ የማትችል ሰሚ ፕሬዚዳንት ሾመ። ተማሪዎቹ በሩን ዘግተው ለአንድ ሳምንት ያህል አመፁ። ተሿሚዋ ለቀቀች፤ ኪንግ ጆርዳን ዩኒቨርሲቲው በተከፈተ በ124ኛው ዓመት የመጀመሪያው የማይሰማ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሕፃናት ይህን ታሪክ ይወዱታል፣ በር መዝጋት አለበት።

ታዛቢ፦
ሰሚዎቹን ግን እንዲህ አናጣጥላቸው። የፓሪሱን ትምህርት ቤት የመሠረተው ፈረንሳዊ ቄስ አባ ደ ሌፔ ሁለት የማይሰሙ እህትማማቾችን አይቶ ነው ማስተማር የጀመረው፤ ትምህርት ቤቱም ለድሃ ልጆች በነፃ ነበር። ማሲዩንም ያስተማረው ሰሚ ቄስ ነው። ደግሞስ ለምንድን ነው ስለ ፈረንሳይና አሜሪካ ብቻ የምናወራው?

ጣት ፊደል፦
ደ ሌፔን ማን ነካው? ከልቡ ሠርቷል። ግን ምልክት የፈጠረው እሱ አይደለም። በ1779 ፒየር ዴሎዥ የሚባል የማይሰማ መጽሐፍ ጠራዥ፣ የፓሪስ የማይሰሙ ሰዎች ትምህርት ቤት ሳይገቡ በራሳቸው ቋንቋ ስለ ሁሉም ነገር እንደሚጨዋወቱ ጽፏል። ደ ሌፔ ያንን አይቶ ተቀበለ፤ ለኔ ትልቅነቱ እዚያ ላይ ነው።

ስለ ፈረንሳይና አሜሪካ ብቻ ማውራታችንን ላልከው ግን እውነት አለህ፣ አፍሪካን ላመጣ ነበር። አንድሩ ፎስተር በ1925 አላባማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ እሱና ወንድሙ በማጅራት ገትር መስማት አቆሙ (እዚህ ላይ እኔና እሱ ዘመዳሞች ነን)። በ1954 ከጋሎዴት በዲግሪ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በ1957 አክራ ገብቶ ተማሪዎች ከተለቀቁ በኋላ ክፍል ተውሶ ማስተማር ጀመረ። በ1987 ሩዋንዳ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞት ድረስ በ13 የአፍሪካ አገሮች 30 ያህል ትምህርት ቤቶች አቋቁሟል። ከሁሉ በላይ የማደንቅለት ግን የማይሰሙ አፍሪካውያንን መምህር አድርጎ ማሠልጠኑን ነው። ሕንጻማ ገንዘብ ያለው ሁሉ ያሠራል።

ታዛቢ፦
እሺ፣ እሱስ ቢሆን የአሜሪካን ምልክት አይደል ይዞ የመጣው? ጋና ውስጥ አዳሞሮቤ የሚባል መንደር የራሱ የምልክት ቋንቋ ነበረው።

ጣት ፊደል፦
ነበረው፣ አሁንም አለ፣ ግን እየተዳከመ ነው። የጋናም የናይጄሪያም የምልክት ቋንቋ ፎስተር ካመጣው የበቀለ ነው፤ ይህ ዋጋ እንዳስከፈለ አልክድም። ምንም ትምህርት ቤት ላላገኘ ልጅ ግን በ1957 ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? ለዚህ ለራሴም የተሟላ መልስ የለኝም።

የማኪ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካችሁ። ማሲዩን ዛሬ ማታ ነገርኳት፤ ዱላው ላይ የሚቆርጠውን ራሷ ተወነችው። ስለ ክሌር ስቀጥልላት ግን «የምልክት ስሙ ምንድን ነው?» ብላ ያዘችኝ። ታውቀዋለህ?

ጣት ፊደል፦
እንዴታ! ጠባሳው ነው ስሙ። አመልካች ጣትሽንና መሐል ጣትሽን አንድ ላይ ቀጥ አድርጊና ከአፍሽ ጎን ያለውን ጉንጭሽን ወደ ታች ሁለቴ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊው። ከቻልሽ ደግሞ የባለቤቱን የኤሊዛን ሥዕል ፈልጊላት። እሷም አትሰማም፣ የሃርትፎርድ ተማሪ ነበረች። በ1822 ቻርልስ ዊልሰን ፒል ሲስላት ሕፃን ልጇን ታቅፋ በጣቶቿ የእንግሊዝኛውን የ«ኢ» (E) ፊደል ምልክት ሠርታለች። ማኪ ፊደሉን ከሥዕሉ ላይ ራሷ ታግኘው፣ አንቺ ቀድመሽ አትንገሪያት።